ቆስላ ያገኘናት ሚዳቋ፦ ቅዳሜ ለማን ይደወላል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ለዓመታት አንብቤያለሁ፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የሆነው ነገር ከሳምንት በላይ ከልቤ አልወጣም። ለጎረቤት አወራሁት፣ ለሥራ ባልደረቦቼ አወራሁት፣ ሁሉም «አይ ወይኔ» ብሎ ያልፋል። ለብዙ ሰው ቢደርስ ይጠቅማል ብዬ ነው ወደ እናንተ የላክሁት።

ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ከ12 ዓመቱ ልጄ ጋር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በእግር እየወጣን ነበር። ባሕር ዛፉ ውስጥ ውሾች ሲራኮቱ ሰማን። ስንደርስ ጭራሮ የሚለቅሙ አንዲት እናት ሦስት ውሾችን በዱላ እያባረሩ ነው። ቁጥቋጦው ሥር አንዲት የሚዳቋ ግልገል ተጋድማለች። ከድመት ብዙም አትበልጥም። የኋላ ታፋዋ ደምቷል። አትጮኽም፣ አትንቀሳቀስም፣ ዓይኗ ብቻ ተከፍቷል። ሆዷ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል።

ብዙም ሳይቆይ ሰው ተሰበሰበ፤ ሁሉም የየራሱን ምክር ሰጠ። አንዱ ወጣት «እንግዲህ አትተርፍም፣ ሥጋዋ ግን ጥሩ ነው» አለ። አንዷ «ወተት ስጧት፣ እርቧት ነው» አለች። ልጄ «እማዬ ቤት እንውሰዳት፣ እኔ ነኝ የማሳድጋት» እያለ ክንዴን ይጎትታል። እማማ ግን ዱላቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ እናቷ ሩቅ አይደለችም፣ ትመጣለች» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ደርቄ ቆምኩ። ምክንያቱም ይህ ነገር በሕይወቴ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፤ ያኔ የወሰንኩት ውሳኔ ስህተት ነበር።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፣ ሰሜን ሸዋ፣ አያቴ ቤት። ከብት ስንጠብቅ ሣር ውስጥ ተኝታ አንዲት ሚዳቋ አገኘን። ምንም አልሆነችም። ቁስል የላት፣ ስብራት የላት። ስንቀርባት አለመሸሿን አይተን እናቷ ጥላት የሄደች መሰለን። አቅፌ ወደ ቤት ወሰድኳት። የላም ወተት በብርሌ አፏ ውስጥ አንጠበጠብኩላት። የሠፈር ልጅ ሁሉ እየመጣ ነካት፣ ዳሰሳት። በሁለተኛው ቀን አስቀመጣት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሳ ሞታ አገኘኋት። አያቴ «የእግዜር ፈቃድ ነው» አሉ፣ እኔም ተቀበልኩት። የገደልኳት እኔ መሆኔን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ሚዳቋ ስትወልድ ግልገሏን አስከትላ አትዞርም። ሣር ወይም ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቃ ትሄዳለች፣ ስታጠባት ብቻ ትመለሳለች። ድኩላም እንደዚሁ ነው። ግልገሏ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠረኗ በጣም ትንሽ ነው፣ አደጋ ስትሰማ ደግሞ ከመሮጥ ይልቅ መሬት ላይ ተለጥፋ ዝም ትላለች። መዳኛዋ ያ ዝምታ ነው። እናቷ አብራት ብትቆም ኖሮ ጅቡንም ቀበሮውንም ትጠራባት ነበር። እንግዲህ እኛ ያንን ዝምታ «ተጥላለች» ብለን እንተረጉመዋለን፣ በርኅራኄ አቅፈን እንሄዳለን፣ እናቲቱ ማታ ስትመጣ ባዶ ሣር ታገኛለች። በአገራችን ስንት ግልገል እንዲህ በደግነት ከእናቱ ተነጥሎ ይሆን? እኔ አንዷን ነጥያለሁ።

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ራሴን የጠየቅሁት የመጀመሪያ ጥያቄ «እንዴት ላድናት» የሚል አልነበረም። «እውነት ችግር ላይ ናት ወይ?» የሚል ነበር። ብትጠይቁኝ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይኼ ነው። ደም ካለ፣ አጥንት ከተሰበረ፣ ዝንብ ቁስሉ ላይ እንቁላል ከጣለ፣ እናቷ አጠገቧ ሞታ ካለች፣ ወይም ውሻና ድመት ጥርሱን ካሳረፈባት፣ አዎ፣ ችግር ላይ ናት። ከዚህ አንዱም ከሌለ ግን የሚሻለው ወደ ኋላ መመለስ ነው። ራቅ ብሎ፣ ተደብቆ፣ ለረጅም ሰዓት ማየት። እኛ አጠገቧ ቆመን እያወራን እናቷ አትመጣም፤ እናቷን የምናስፈራት እኛ ነን።

የእኛዋ ደም ነበራት። ውሻ ነክሷታል። የውሻ ጥርስ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ቢመስልም ከቆዳው ሥር ብዙ ቆሻሻ ይዞ ይገባል፣ ሕክምና ካላገኘ ይመረቅዛል። ውሾቹም አልሄዱም፣ ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጠው ያዩናል። ትተናት ብንሄድ መጨረሻዋ ግልጽ ነው። ስለዚህ ላነሳት ወሰንኩ። ለልጄ ግን እዚያው ነገርኩት፦ «ቤት ልናሳድጋት አይደለም፣ እስክትታከም ነው።» ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

ቦታውን በደንብ ምልክት አደረግሁበት። ይኼ በኋላ ጠቅሞናል። እማማ ነጠላቸውን አውልቀው ሰጡኝ፣ እምቢ ብላቸውም አልሰሙኝም። ፊቷን ጭምር ሸፍኜ አነሳኋት። ዓይኗ ሲሸፈን መንቀጥቀጧ ቀነሰ። ከመንገድ ዳር ሱቅ ካርቶን ለመንን፣ ቀዳዳ በሳሳንለት፣ ሥሩ ሹራቤን አነጠፍን። እንደዚህ ዓይነት እንስሳ በድንጋጤ ብቻ ይሞታል። ተባርሮ፣ ተይዞ፣ በሰው ተከቦ የዋለ ሚዳቋ ቁስሉ ቀላል ቢሆን እንኳ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ጡንቻውና ልቡ ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ጨለማ፣ ጸጥታ፣ ሙቀት። ፎቶ የለም፣ ማቀፍ የለም፣ ሕፃን እየጠሩ ማሳየት የለም። አንዷ ልጅ ስልኳን አውጥታ ልትቀርጽ ስትል «የኔ እህት፣ እባክሽ» አልኳት፣ መልሳ ከተተችው፣ አመሰግናታለሁ።

ከዚያ ስልክ መደወል ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው ልቤ የተቃጠለው።

መጀመሪያ የደወልኩለት ቢሮ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ቅዳሜ ነው። ሁለተኛው ቢሮ ጥበቃ ላይ ያለ ሰው አነሳና «ሰኞ ይደውሉ» አለኝ። ሰውየው ምን ያድርግ፣ የተነገረው ይኼ ነው። ሦስተኛው «ይህ እኛን አይመለከትም» ብሎ ቁጥር ሰጠኝ፤ የሰጠኝ ቁጥር መጀመሪያ የደወልኩበት ሆኖ ተገኘ። እኔ ካርቶን አቅፌ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ፣ ልጄ «እማዬ ትሞታለች?» ይለኛል፣ እኔ አራተኛ ቁጥር እየፈለግሁ ነው። እነዚህን ቢሮዎች ስማቸውን ጠርቼ ልወቅስ አልፈልግም። ወቀሳዬ የአንድ ሰው ስንፍና ላይ አይደለም። ሰው የቆሰለ የዱር እንስሳ ሲያገኝ የት እንደሚደውል አስቀድሞ አለመነገሩ ነው።

ባለሙያ በአገራችን የለም እንዳልል አውቃለሁ። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ። ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ላይ የቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ «እንሰሳ ኮቴ» ማዕከል አለ፣ በሕገወጥ ንግድና በየሰው ግቢ ታስረው የነበሩ አንበሶችና አቦሸማኔዎች መጠለያ አግኝተውበታል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ሰሜን ተራሮች ላይ እግሩ በጥይት ተሰብሮ የተገኘው ቀይ ቀበሮ አለ። ያንን ታሪክ የሰማ ሰው ስንት ነው? በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረ እንስሳ ነው፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ። የፓርኩና የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ሰዎች ተነጋግረው አነሱት፣ ከሰው ርቆ በተሠራለት ማቆያ ለ51 ቀናት ታከመ፣ ከዚያ አንገቱ ላይ መከታተያ ታስሮለት ወደ ተራራው ተለቀቀ። ስሙንም ተረፈ አሉት። ስለዚህ ማድረግ እንችላለን። የጎደለው ጭራሮ ከሚለቅሙት እናት እጅ እስከ ባለሙያው ድረስ ያለው መንገድ ነው።

እኛን ያዳነን የሠፈራችን የእንስሳት ሐኪም ነው። ላምና በግ ነው የሚያክመው፣ ዶሮም ያያል። ልጄ ነው ያስታወሰኝ፤ «ጋሼ የእማማን ላም ያከመው» ብሎ። ደወልኩ፣ ቁርስ ላይ ነበር፣ «እትዬ፣ ምንም እንዳትሰጧት፣ እኔ እመጣለሁ» አለኝ። ወተቱስ ብለው «በተለይ ወተት» አለ። ሲመጣ ምክንያቱን አስረዳኝ። የላም ወተት ከሚዳቋ ወተት ጋር አንድ አይደለም፣ የግልገልን ሆድ ያስቀምጣል፣ ያኔ ደግሞ ውሃዋ ተሟጥጦ ትሞታለች። የበረዳትና የደነገጠች ግልገል በግድ ስትጋት ደግሞ ወተቱ ወደ ሳንባዋ ይገባል። የዛሬ 30 ዓመት በብርሌ ያንጠባጠብኩት ትዝ አለኝ። ዞር ብዬ ቆየሁ።

እግሯን ዳሰሰ፣ አልተሰበረም። ቁስሉን አጠበ፣ ፀጉሩን ሸለተ፣ አንድ መርፌ ወጋት። ሁሉንም ሲያደርግ ፊቷ እንደተሸፈነ ነው፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። ገንዘብ አልቀበልም አለ።

ከዚያ ግን ወደ ልጄ ዞሮ «እጅህን አሳየኝ» አለው። እኔ ያላየሁትን ነው ያየው። ልጄ ወደ ቁጥቋጦው ሲገባ እሾህ መዳፉን ቧጥጦታል፣ በዚያ እጁ ደግሞ ደም ያለበትን ታፋ ነክቷል። ውሾቹ የማን እንደሆኑ አይታወቅም። ምራቃቸው ቁስሏ ላይ አለ። ሐኪሙ ሳሙና አስመጣና በሚፈስ ውሃ ሙሉ 15 ደቂቃ አሳጠበው፣ ሰዓት ይዞ። እኔም ነጠላውን የያዝኩበትን እጄን ታጠብኩ። «ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ይህን ንገሯቸው» አለን። ሄድን፣ ክትባት ጀመረ። ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ ነው የሚወጋው፣ ድሮ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን ሰምታችሁ አትፍሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን በመታጠብና በክትባት ይከለከላል። ጸበሉንም ጸሎቱንም አልቃወምም፣ እኔም አደርገዋለሁ፤ ክትባቱን ግን እባካችሁ አታዘግዩ።

ይህን ማስረዘሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው የቆሰለ የቀበሮ ቡችላ ወይም የጅብ ግልገል ሲያገኝ «ሕፃን ነው፣ ምን ያደርጋል» ይላል። በሽታው ትንሽ ትልቅ አይልም። ሥጋ በሎችን በባዶ እጅ አትንኩ፣ ልጅ አታስነኩ። ከውሻ ወደ ዱር እንስሳም እንዲሁ ይተላለፋል፤ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ባሌ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል የጨረሰው ከመንደር ውሻ የተነሣው ይኸው በሽታ ነው። ውሻ ማስከተብና ማሰር ለኛም ለእነሱም ነው።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ቀረ። ታከመች፣ ከዚያስ? ልጄ ስም ሊያወጣላት ደርሷል። ስሙን እንዳትጠራ አልኩት፣ ስም ከወጣላት አንለቃትም። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ቤት ማቆየት በሕግ የተከለከለ ነው። ሕጉ ባይኖርም ግን ማቆየቱ ለእሷ ደግነት አይሆንም። በሰው እጅ ያደገ ሚዳቋ ሰው አይፈራም፣ ውሻ አይፈራም። ጫካ ሲለቁት ወደ መጀመሪያው ሰው ይሄዳል፣ ያ ሰው ደግሞ ጠዋት «ሥጋዋ ጥሩ ነው» ያለው ልጅ ሊሆን ይችላል። ወንድ ከሆነ ሲያድግ ቀንድ ያወጣል፣ ሕፃን ይወጋል፣ ከዚያ ይታሰራል፣ ዕድሜውን በሁለት ሜትር ገመድ ይጨርሳል። ጦጣ ያሳደጉ ሰዎችን ጠይቁ። ትንሽ ሳለች ትከሻ ላይ ትወጣለች፣ ካደገች በኋላ ትነክሳለች፣ ከዚያ ግንድ ላይ ታስራ ትኖራለች። እንዲህ ታስራ ያየኋት አንዲት ጦጣ ወገቧ ላይ ገመዱ ሥጋዋን በልቶ ገብቶ ነበር።

አንድ ነገር በመሐል ልበል። በመንገድ ዳር ልጆች የጦጣ ግልገል ወይም ኤሊ ይዘው ሲሸጡ አዝናችሁ አትግዙ። አዝኖ የገዛም ሻጩን ነገ ሌላ እንዲያመጣ ይልከዋል። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው ተነጥቀው በሶማሌላንድ አድርገው ወደ ገልፍ አገሮች የሚሻገሩትም በገዢ ብዛት ነው። እዚያ ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በጌቶቻቸው ግቢ ይህን እንስሳ ማየታቸውን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ብዙዎቹ ግልገሎች ባሕሩን ሳይሻገሩ ነው የሚሞቱት።

ወደ ሚዳቋችን ልመለስ። ሐኪሙ «ቁስሉ ቀላል ነው፣ እናቷ በአካባቢው ካለች ከእኛ በላይ የምታድናት እሷ ናት፤ ማታ መልሷት» አለን። እኔ ደግሞ ሁላችንም የምንለውን አልኩ፦ «የሰው ጠረን ካገኘችባት አትቀበላትም ይባላል እኮ።» እሱም «የአንቺን ጠረን አትወደውም፣ ልጇን ግን አትጥልም» አለኝ። ለወፍ ጫጩትም ተመሳሳይ ነው፤ ከጎጆዋ የወደቀችን መልሶ ማስቀመጥ ይቻላል፣ እናቷ ትመጣለች።

ቀኑን ሙሉ ካርቶኑ ጓዳ ውስጥ ተቀመጠ። ቴሌቪዥን አልተከፈተም። ልጄ ሬዲዮ እንዳይከፈት በር ላይ ቆሞ ዋለ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። እማማ ቀድመውን ደርሰዋል፣ ሁለት የሠፈር ልጆች ይዘው ውሾቹን ወደ ታች አርቀዋቸዋል። ምልክት ያደረግሁበት ቦታ ላይ፣ እዚያው ቁጥቋጦ ሥር አስቀመጥናት። ነጠላው ሲነሳ ትንሽ ቆመች፣ አንከሰች፣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ሣሩ ውስጥ ተኛች። ወዲያው ጠፋችብን፣ እያየናት ጠፋችብን። ከዚያ ራቅ ብለን ከድንጋይ ጀርባ ተቀመጥን። ብርዱ ከባድ ነበር። እስኪጨልም ጠበቅን፣ ምንም አላየንም። ልጄ እያለቀሰ ነው ቤት የገባው፣ እኔም ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እማማ ደጃችን መጡ። ጠዋት ሄደው አይተዋል። «ልጄ፣ ሣሩ ባዶ ነው። ደም የለም፣ ፀጉር የለም። ጭቃው ላይ ኮቴ አለ፣ የትልቅና የትንሽ፣ ጎን ለጎን» አሉኝ። እሷ ትሁን ሌላ ልምል አልችልም። እማማ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ጫካ ተመላልሰዋል፣ እኔ አምኛቸዋለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ለእናንተ ነው። ለሚመለከታቸው ሁሉ ደውላችሁ ጠይቁልን። የቆሰለ የዱር እንስሳ ያገኘ ሰው በየክፍለ ከተማው፣ በየወረዳው የሚደውልበት አንድ ቁጥር ይኑር፤ ቅዳሜም፣ እሑድም፣ ማታም የሚነሳ። ቁጥሩ እንጦጦ መግቢያ ላይ ይለጠፍ፣ በየእንስሳት ሐኪም ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ይለጠፍ። ላምና በግ ለሚያክሙት ሐኪሞች አጭር ሥልጠና ይሰጥ፣ ምክንያቱም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ እነሱ ነው። እንጨት ለቃሚ እናቶችም ይጠየቁ፤ የትኛው ቁጥቋጦ ሥር ምን እንደሚወለድ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቁጥሩ ሲገኝ ደግሞ በጋዜጣችሁ በትልቁ አትሙልን፣ እኔ ቆርጬ ማቀዝቀዣዬ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ሁለተኛውን ኮፒ ለእማማ እወስድላቸዋለሁ። ነጠላቸውንም አጥቤ፣ ተኩሼ አስቀምጬዋለሁ፣ አብሬ እመልስላቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ
አንዲት አንባቢ፣ ከሽሮ ሜዳ